ቴሌኪ፦ ከመሬት የተወለደ ስም

በማርች 1888 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ የተጓዘ ቅፍለት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሞላበት ደረቅ ምድር አልፎ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ደረሰ። የቅፍለቱ መሪ ሻሙኤል ቴሌኪ የሚባል ሀንጋሪያዊ ኮንት ነበር። አብሮት የነበረው ሉድቪግ ፎን ሆህነል ደግሞ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ሐይቁ ስም ነበረው። ሳምቡሩዎች ባሶ ናሮክ ይሉታል፤ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ሆህነል ይህን ስም ሰምቷል፤ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍም መዝግቦታል። ቴሌኪ ግን ጉዞውን ላበረታታው ለአልጋ ወራሹ ለሩዶልፍ ክብር ሲል ውሃውን «የሩዶልፍ ሐይቅ» ብሎ ሰየመው። በማግሥቱ ወር በስተሰሜን ምሥራቅ ሌላ ሐይቅ አገኙ። ባሶ ኤቦር፣ ነጭ ሐይቅ፣ የሚባለው ይህ ውሃም በአልጋ ወራሹ ሚስት በስቴፋኒ ስም ካርታ ላይ ሰፈረ። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ጨው ባሕር የሚሉት ነው።

የሌላውን ሰው ውሃ በጌታው ስም የጠራው ይህ ሰው የራሱን ስም ያገኘው ከመሬት ነው። «ቴሌኪ» ማለት በቀጥታ ሲፈታ የዚያ ቦታ ሰው፣ የቴሌክ ሰው ማለት ነው። ስሙ ከአንድ ቁራሽ መሬት ተነሥቶ ቻንስለሮችን፣ የቤተ መጻሕፍት መሥራቾችን፣ ዐመፀኞችን፣ አዳኝና ካርታ ሠሪን፣ በመጨረሻም ስደተኞችን አፍርቷል። ታሪኩም ስም ከመሬት ጋር ያለውን ውል፣ ውሉም ሲፈርስ የሚሆነውን ያሳያል።

ትንሿ ቅጥያ

ሀንጋሪዎች የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ። አውሮፓ ሻሙኤል ቴሌኪ የሚለውን ሰው የአገሩ ሰዎች ቴሌኪ ሻሙኤል ይሉታል። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ እርሱ ራሱ ይጠራል። ከራስ ስም ጀምሮ ወደ አባትና ወደ አያት ለሚቆጥር አማርኛ ተናጋሪ ይህ የተገለበጠ መስሎ ይታያል።

የስሙ አሠራር ግን ለአማርኛ ባዕድ አይደለም። በሀንጋሪኛ የቦታ ስም መጨረሻ ላይ «ኢ» ሲጨመር የዚያ ቦታ የሆነ ማለት ይሆናል። ቡዳፔስት ብሎ ቡዳፔስቲ፣ ቴሌክ ብሎ ቴሌኪ ነው። ከጎንደር ጎንደሬ፣ ከጎጃም ጎጃሜ፣ ከወሎ ወሎዬ እንደሚወጣው ማለት ነው። ልዩነቱ አማርኛው የሰውየውን መነሻ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ሀንጋሪኛው ቅጥያውን የዘር መጠሪያ አድርጎ ከአባት ወደ ልጅ ማስተላለፉ ነው።

«ቴሌክ» የሚለው ቃል ራሱ ይዞታ፣ ቤት የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ገባሩ ከጌታው የሚቀበለው፣ ጎጆው የሚቀለስበትና ጓሮው የሚለማበት መሬት የሚጠራው በዚህ ቃል ነበር። ስለዚህም በቃሉ የሚጠሩ መንደሮች በሀንጋሪኛ ተናጋሪዎች አገር ብዙ ናቸው። በመኳንንቱ ዘንድ የታወቀ ሌላ ጨዋታም አለ። የመጨረሻዋ «ኢ» በላቲን ፊደል በሁለት መንገድ ልትጻፍ ትችላለች፦ በተለመደው «አይ» ወይም በጥንቱ ሥርዓት በ«ዋይ»። ሕዝቡ በ«ዋይ» የሚጻፈውን የመኳንንት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ከትራንሲልቫኒያ ታላላቅ ቤቶች አንዱ የሆነው የቴሌኪ ቤት ግን ስሙን የሚጽፈው እንደ ተራው ሰው በ«አይ» ነው።

ቤተሰቡ ከስሙ ጋር ሁለተኛ የቦታ መጠሪያ ይይዛል፤ ሙሉው «የሴክ ቴሌኪዎች» ነው። ሴክ በትራንሲልቫኒያ የምትገኝ፣ በጥንት ዘመን ጨው ይወጣባት የነበረች ከተማ ናት። እንግዲህ በ1888 በጨው ባሕር ዳር የቆመው ሰው በማዕረጉ ላይ የጨው ከተማ ስም ይዞ ነበር።

ከሰይፍ ወደ መጽሐፍ

ቤቱን ከመካከለኛ መኳንንት ተርታ አውጥቶ ወደ ላይ ያወጣው ሚሃይ ቴሌኪ ነው (1634–1690)። በዘመኑ ትራንሲልቫኒያ በኦቶማን ሱልጣንና በቪየና ንጉሠ ነገሥት መካከል የተጣበቀች ትንሽ መስፍናዊ ግዛት ነበረች። ሚሃይ የመስፍኑ የአፓፊ ቻንስለር ሆኖ በሁለቱ ኃያላን መካከል እየተሽሎከሎከ አገሩንም ሀብቱንም ጠበቀ፤ ሀብቱን በጠበቀበት ትጋት የተነሣም ብዙ ጠላት አፈራ። በመጨረሻ ወደ ቪየና አዘነበለ። በኦገስት 1690 በዘርነሽት ጦር ሜዳ፣ ከኦቶማኖች ጋር የመጣውን ኢምሬ ቶኮሊን ሲገጥም ተገደለ። ለልጆቹ መሬትና የኮንትነት ማዕረግ ትቶላቸዋል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ በዚያ መሬት ገቢ መጽሐፍ ገዛ። ከአሳሹ ጋር ስም የሚጋራው ቀዳሚው ሻሙኤል ቴሌኪ (1739–1822) ወጣት ሳለ በባዝል፣ በዩትሬክትና በላይደን ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ እስከ ትራንሲልቫኒያ ቻንስለርነት ሲደርስም መጽሐፍ መሰብሰቡን አላቋረጠም። ኑሮው በቪየና ሆኖ ሳለ መጻሕፍቱን በቪየና አላስቀመጠም። በትውልድ አገሩ በማሮሽቫሻርሄይ ከተማ ቤት አሠርቶላቸው በ1802 ለሕዝብ ከፈተው። ወደ 40 ሺህ ጥራዝ የሚደርስ ስብስብ ነው፤ ዝርዝሩን ራሱ አዘጋጅቶ በአራት ቅጽ አሳትሞታል። ሚስቱ ዙዣና ቤትሌንም የራሷ ቤተ መጻሕፍት ነበራት። እርሱ በላቲንና በታላላቆቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፉትን ሲያድን፣ እርሷ በሀንጋሪኛ የታተሙትን ሰበሰበች። በዚያን ጊዜ የሀንጋሪኛ መጽሐፍ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች የእርሷን መደርደሪያ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መንገድ በዚያ አላበቃም። ዮዤፍ ቴሌኪ (1790–1855) የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1826 ወደ 30 ሺህ ጥራዝ የሚጠጋውን የቤተሰቡን ስብስብ ገና በምሥረታ ላይ ለነበረው ለሀንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ሰጠ። የአካዳሚው ቤተ መጻሕፍት የተነሣው ከዚህ ስጦታ ነው። ዮዤፍም የአካዳሚው የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነ። አባቶች በሰይፍና በገባር ያካበቱትን ልጆች ለአንባቢ አወረሱት ማለት ይቻላል፤ ገባሩ ግን በዚህ ስጦታ ውስጥ ስሙ አልተጻፈም።

ሁለት ዐመፀኞች

በ1848 ሀንጋሪ በሀብስበርግ አገዛዝ ላይ ተነሣች። ቴሌኪዎችም ተከፋፈሉ፤ ከነፃነቱ ወገን በግልጽ ከቆሙት ሁለቱ ላስሎና ብላንካ ናቸው።

ላስሎ ቴሌኪ (1811–1861) ፖለቲከኛም ጸሐፌ ተውኔትም ነበር። በ1841 የታተመው ብቸኛ ታላቅ ተውኔቱ ርእሱ በአማርኛ «ባለሟሉ» ሊባል ይችላል። ታሪኩ የሚፈጸመው በወደቀችው ሮም ነው፤ ለበቀል ሲል ከጨካኝ ንጉሥ አጠገብ የሚቆይ፣ በበቀሉም ራሱን የሚያጠፋ ሰው ያሳያል። አብዮቱ ሲነሣ ላስሎ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፓሪስ ተላከ። አብዮቱ ሲደቆስ በዚያው ስደተኛ ሆኖ ቀረ። በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ ሰውየው ስላልተገኘም ስሙ በስቅላት እንጨት ላይ ተሰቀለ። በ1860 መጨረሻ ድሬስደን ላይ ተይዞ ለኦስትሪያ ተሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንዝ ዮሴፍ ከፖለቲካ እንዲርቅ ቃል አስገብቶ ለቀቀው። በ1861 የሀንጋሪ ምክር ቤት ሲከፈት ግን ላስሎ ከንጉሡ ጋር አንደራደርም የሚለው ወገን መሪ ሆኖ ተገኘ። ለንጉሡ በሰጠው ቃልና ለአገሩ ባለበት ዕዳ መካከል ተጨነቀ። በሜይ 8 ሌሊት፣ ንግግር ያደርጋል ተብሎ በሚጠበቅበት ዋዜማ፣ ራሱን በጥይት ገደለ።

ብላንካ ቴሌኪ (1806–1862) የመረጠችው ሜዳ ትምህርት ቤት ነው። በ1846 በፔስት ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። የመኳንንት ሴት ልጅ ፈረንሳይኛና ፒያኖ ተምራ ከተዳረች በቂ ነው በሚባልበት ጊዜ የአገሯን ቋንቋ፣ ታሪክና ሳይንስ አስተማረቻት። ከመምህራኑ አንዱ ወጣቱ አብዮተኛ ፓል ቫሽቫሪ ነበር። አብዮቱ ከከሸፈ በኋላ ብላንካ ለሚሸሹት መጠለያ ሰጥታለች፣ የተከለከለ ጽሑፍ አዘዋውራለች ተብላ ታሰረች። የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በኩፍሽታይን ምሽግ ታስራ በ1857 በምሕረት ተለቀቀች። ያረፈችው በፓሪስ ነው።

ስለ ቫሽቫሪ ስም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሰውየው ሲወለድ ፌየር ይባል ነበር። ይህን ትቶ በ«ኢ» የሚያልቅ የመንደር ስም ወሰደ። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይህንኑ አደረገ። ጀርመንኛ፣ ስሎቫክኛ ወይም የአይሁድ ስም የነበራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለመንግሥት አመልክተው የሀንጋሪ ስም ያዙ፤ ከቦታ ስም ተነሥቶ በ«ኢ» የሚጨርሰውም በጣም ተፈላጊ ነበር። በ1881 የማመልከቻው ክፍያ ወደ 50 ክሮይዘር ወረደ፤ አላጋጮችም ስማቸውን የለወጡትን «ባለ 50 ክሮይዘር ሀንጋሪዎች» አሏቸው። የቴሌኪ ቤት በዘመናት ያገኘውን ድምፅ አንድ ባለ ሱቅ በቴምብር ዋጋ ሊያገኘው ቻለ። ለአመልካቹ ይህ ቅጥያ «እኔም የዚህ መሬት ሰው ነኝ» የሚል ውል ነበር፤ መንግሥትም ማኅተሙን አሳርፎበታል።

ሐይቁ ዳር

አሳሹ ሻሙኤል (1845–1916) የተወለደው የመጽሐፍ ሰብሳቢው ርስት በነበረችው በሻሮምበርኬ ነው። እርሱ ግን አዳኝ ነበር። ከሆህነልና በመቶዎች ከሚቆጠሩ ጭነት ተሸካሚዎች ጋር በ1887 መጀመሪያ ጉዞ ጀመረ፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሐረር የገቡትም በዚያው ወቅት ነው። በኪሊማንጃሮ ላይ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። በኬንያ ተራራ ላይም እስከ በረዶው መዳረሻ ዘለቀ። በኪኩዩዎች አገር ሲያልፍ ተዋጋ፤ በየመንገዱ ዝሆንና አውራሪስ ጣለ። ሸክሙን ተሸክመው በረኀብና በበሽታ የወደቁት ሰዎች ቁጥር ቀላል አልነበረም፤ ካርታው ላይ ግን የእነርሱ ስም የለም።

ለሐይቁ የተሰጠው ስም ገና ሳይደርቅ ባለስሙ ሞተ። ጉዞው ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1889፣ አልጋ ወራሹ ሩዶልፍ በማየርሊንግ የአደን ቤቱ ውስጥ ወዳጁን ማሪ ቬቼራን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ከአሥር ዓመት በኋላ ምድሩም ባለቤት ነኝ ባይ በዛበት። በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ወረደና የምኒልክን ባንዲራ ተከለ፤ ዘመቻውን ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች አብሮ ሄዶ ጽፎታል። ቱርካናዎች፣ ዳሰነቾች፣ ሐመሮችና አርቦሬዎች ግን በፊትም እዚያው ነበሩ። ከሩቅ የመጡት ሁሉ የየራሳቸውን ስም ይዘው ደረሱባቸው።

ጊዜው ሲደርስ ኬንያ በ1975 ትልቁን ሐይቅ ቱርካና ብላ ጠራችው። ስቴፋኒም በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ጨው ባሕር ሆነ። የወይጦ ውሃ ሲደርስለት የሚረጥብ፣ ሳይደርስለት ሲቀር ነጭ ሜዳ የሚሆን ስፍራ ነው። የአልጋ ወራሹና የሚስቱ ስም ከውሃው ላይ ጠፋ። የቴሌኪ ስም ግን በትንንሽ ነገሮች ላይ ተርፏል፦ በቱርካና ደቡብ ጫፍ ባለ እሳተ ገሞራ፣ በኬንያ ተራራ ላይ ባለ ሸለቆ፣ እንዲሁም በዚያው ተራራ ላይ በሚበቅል፣ የሰሜን ተራሮቻችን ጅብራ የቅርብ ዘመድ በሆነ ተክል ሳይንሳዊ ስም ላይ።

ቀዩ ካርታ

ከቴሌኪዎች ሁሉ ስሙ እስከ ዛሬ የሚያጣላው ፓል ቴሌኪ (1879–1941) ነው። የጂኦግራፊ ምሁር ነበር፤ ስለ ጃፓን ደሴቶች የካርታ ታሪክ ያዘጋጀው አትላስ በፓሪስ ተሸልሞለታል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ የተሸነፈችው ሀንጋሪ ልትከፋፈል ሲሆን፣ የአገሩን ጉዳይ በካርታ ሊሟገት ተነሣ። በ1910 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ በየአካባቢው የሚኖረውን ሕዝብ በቋንቋው ቀለም ቀባ፤ እያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 100 ሰው ይወክላል። ሰው የሳሳበትን ስፍራ ነጭ ተወው። ለሀንጋሪዎች የሰጠው ቀለም ደማቅ ቀይ ነው። ተራራማው የሩማኖች አገር ሰው የሳሳበት ስለሆነ ብዙው ነጭ ሆኖ ታየ፤ ከተሞቹ ግን እንደ ፍም ቀሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ዓይን የሚያርፍበትን የመረጠው ግን ካርታ ሠሪው ነው።

ካርታው አልረታም። በጁን 4 ቀን 1920 በትሪያኖን በተፈረመው ውል ሀንጋሪ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ግዛቷን አጣች። ማሮሽቫሻርሄይ ትርጉ ሙሬሽ ተብላ ከነቤተ መጻሕፍቷ የሩማንያ ሆነች። ሴክም፣ ሻሮምበርኬም እንዲሁ። የቴሌኪዎች ስም የሚጠቁመው መሬት ከድንበር ማዶ ቀረ።

ፓል በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በመስከረም 1920 በእርሱ መንግሥት ዘመን የወጣው ሕግ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን አይሁዶች በኮታ ገደበ። በ1939 ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ ሁለተኛው የአይሁድ ሕግ ጸደቀ። ይህ ሕግ አይሁዳዊነትን በወላጅና በአያት ይቆጥር ነበር። ያ በ50 ክሮይዘር የተገዛው፣ መንግሥት ያተመበት «ኢ» ዋጋ አጣ። ሕጉ ከስሙ ጀርባ ሄዶ የአያትን ስም ጠየቀ። ከርስት የወጣ የመኳንንት ስም ያለው ሰው፣ የመሬትን ስም በማመልከቻ ለወሰዱት «እናንተ የዚህ መሬት አይደላችሁም» አላቸው። ፓል ይህን በግዴታ የተቀበለ ሰው አልነበረም፤ ያምንበት ነበር።

በዚሁ ሰው ላይ ሌላም ገጽ አለ። በ1939 የጀርመን ጦር ፖላንድን ለመውጋት በሀንጋሪ ምድር እንዲያልፍ ቢጠየቅ እንቢ አለ፤ ለሚሸሹት ፖላንዳውያንም በሩን ከፈተ። በኦገስት 1940 ጀርመንና ኢጣሊያ በቪየና በሰጡት ፍርድ ሰሜን ትራንሲልቫኒያ ወደ ሀንጋሪ ተመለሰ፤ ሴክና የአያቶቹ ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ዘመነ ሥልጣን ተመለሱ ማለት ነው። የዚህ ውለታ ዋጋ ግን ወዲያው ተጠየቀ። በዓመቱ መጨረሻ ከዩጎዝላቪያ ጋር የዘላለም ወዳጅነት ውል ፈረመ። አራት ወር ሳይሞላ ጀርመን ዩጎዝላቪያን ለመውጋት መንገድ ስጡን፣ አብራችሁንም ዝመቱ አለች፤ የአገሩ ሹማምንትም ለመቀበል አዘነበሉ። በአፕሪል 3 ቀን 1941 ሌሊት ፓል ቴሌኪ ራሱን ገደለ። ለአገረ ገዢው ለሆርቲ በተወው ደብዳቤ ቃላችንን አጥፈናል፣ ከክፉዎች ጋር ወግነናል ብሎ አገሩንም ራሱንም ወቀሰ። ከ80 ዓመት በፊት ላስሎ የሞተው በተመሳሳይ ጭንቀት፣ በገቡት ቃልና በአገር መካከል ተይዞ ነበር።

በ1944 ጀርመን ሀንጋሪን ከያዘች በኋላ ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ሳምንታት ብቻ ከ400 ሺህ በላይ አይሁዶች በሀንጋሪ ፖሊሶች እጅ እየተሰበሰቡ ተጋዙ፤ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ። የማሮሽቫሻርሄይ አይሁዶችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ፓል ይህን ለማየት አልቆየም። ሰዎቹን ከጎረቤቶቻቸው ለይተው የመዘገቡት ሕጎች ግን የእርሱን መንግሥት ስም ይዘዋል።

ስለዚህም በ2004 በቡዳፔስት ሐውልት ሊቆምለት ሲታሰብ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። ደጋፊዎቹ ቃሉን ላለማጠፍ የሞተውን ሰው አሰቡ፤ ተቃዋሚዎቹ ሕጉን። ሐውልቱ በመጨረሻ የተተከለው ከዋና ከተማዋ ርቆ በባላቶን ሐይቅ ዳር፣ የፖላንድ ስደተኞች ተጠልለው በነበሩባት በባላቶንቦግላር ነው።

የተገለበጠው ስም

ከጦርነቱ በኋላ ሰሜን ትራንሲልቫኒያ እንደገና ወደ ሩማንያ ሄደ። በ1947 ደግሞ ሀንጋሪ የመኳንንትን ማዕረግ በሕግ ሻረች። የፓል ልጅ ጌዛ ቴሌኪ፣ የጂኦሎጂ ምሁር፣ ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ከሆነ በኋላ ተሰድዶ አሜሪካ ገባ፤ በዋሽንግተንም አስተማረ። በስደተኛ መዝገብ ላይ ስሙ እንደ አገሩ ልማድ አልቀጠለም። ቴሌኪ ጌዛ የነበረው ጌዛ ቴሌኪ ሆነ። የቤቱ ስም ወደ ኋላ ሄደ። የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በፓስፖርት ላይ «የቤተሰብ ስም» ሆኖ የተመዘገበበት ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይህን መገላበጥ ያውቀዋል።

የፓል የልጅ ልጅ የሆነው ሁለተኛው ጌዛ (1943–2014) አሜሪካ ውስጥ አድጎ ወደ አፍሪካ ተመለሰ። እንደ ሻሙኤል ለአደን አልነበረም። በታንዛኒያ ጎምቤ ቺምፓንዚዎችን አጠና፤ በሴራሊዮንም የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ እንዲቋቋም ደከመ። ፓርኩ ኡታምባ-ኪሊሚ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከአካባቢው ነው።

የቀዳሚው ሻሙኤል መጻሕፍት ዛሬም በትርጉ ሙሬሽ አሉ። ከከተማዋ ከሌላ ታላቅ ስብስብ ጋር ተቀላቅለው ቴሌኪ-ቦያይ ቤተ መጻሕፍት ተብለዋል። ከተማዋ ሁለት ስም አላት፤ አንዱን ሩማኖች፣ ሌላውን ሀንጋሪዎች ይጠሩበታል። መንግሥታት ድንበሩን በተደጋጋሚ ሲያዛውሩት መጻሕፍቱ ከመደርደሪያቸው አልተነቃነቁም። ሰውየው በ1802 በሩን ሲከፍት ለአንባቢ ከፈተው፤ የሚገባውን ሰው የአያቱን ስም የሚጠይቅ ሕግ አላወጣም።